ለሃውቶርን ትምህርት ቤት ሁለት ልጅ

ማርሊን ክራውዝ ሕፃን ፍለጋ የብራያር ግሌን ከተማን በር ሁሉ ስታንኳኳ ከርማ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሩቅ የልጅ ጋሪ አየች። ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት፤ ቢሆንም ሮጠች። ጋሪውን የሚገፉት ባልና ሚስት ደንግጠው ቆሙላት።

«ተመስገን!» አለች እያለከለከች። «ስንት ዓመቱ ነው?»

«አምስት ሊሞላው ነው» አለች ሚስትየዋ በኩራት።

ለመጪው መስከረም ይደርሳል ማለት ነው። ማርሊን ጎንበስ ብላ የጋሪውን መከለያ ገለጥ ብታደርግ፣ ቀይ ሹራብ የለበሰ አፍንጫ ደፍጣጣ ውሻ አፈጠጠባት።

«እግሩን ስለሚያመው ነው» አለ ባልየው፣ ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ።

ከዚያ በፊት ያንኳኳቻቸው በሮችም ከዚህ የተሻለ ነገር አላወጡም። «ልጅ አላችሁ?» ስትል «እንዴታ! አንዷ ሲያትል የጥርስ ሐኪም ናት» ይሏታል። ሽማግሌው ሚስተር ቫን ሆርን ጓሮው ውስጥ ዥዋዥዌ አለው፤ ልጆቹ ከሄዱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፣ እሱ ግን ዛሬም ዙሪያውን ሣር ያጭዳል። ዥዋዥዌውን ስታይ ልቧ ዘለለ፤ ሰውየው ብቅ ሲል ደግሞ ልቧ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሃውቶርን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በክፍለ ሀገሩ ስሙ የተጠራ ነው። የትምህርት ቤቶቹ ኃላፊ ሚስተር ሳንዶቫል ግን በጸደይ መግቢያ ላይ ወላጆችን ሰብስቦ፣ የጀማሪዎቹ ክፍል እስከ ሰኔ ካልሞላ ሃውቶርን ይዘጋል፣ ያሉትም ልጆች በቢጫው አውቶቡስ ወደ ጎረቤት ከተማ ይሄዳሉ አለ። ተቆጠረ፤ ሁለት ልጅ ጎደለ። ሁለት ብቻ! ማርሊን ልጇን ጆሊንን ያስተማረችው እዚያ ነው፤ ዓመት በዓመት ለአዲስ ገቢዎች ብስኩት የምታድለውም እሷ ናት። ዘንድሮ ብስኩቱ ተርፎ ለሳምንት ከባሏ ከጌለን ጋር ቁርስ አደረጉት።

ብራያር ግሌን ውስጥ ልጅ ማን አጠፋው ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ሩቅ መሄድ የለበትም። ጆሊን ትንሽ ልጅ ሳለች አንድ ሥራ ተቋራጭ የድሮው የፖም እርሻ ላይ አፓርታማ ልሥራ ብሎ መጣ። ማርሊን እሳት የላሰች ነበረች። በየሰዉ ሣር ላይ «ትምህርት ቤታችን ሞልቷል» የሚል ሰሌዳ ተከለች፤ ተቋራጩም እግሬ አውጪኝ አለ። ቀጥሎ ትንንሽ ቤት እንሥራ የሚሉ መጡ፤ እነሱንም መለሰች። በመጨረሻ ከጋራዥ በላይ መኖሪያ ክፍል መሥራት የሚፈልጉ ሲበዙ፣ ደንቡን በገዛ እጇ አረቀቀችው፦ በግቢው ሌላ መኖሪያ የሚጨምር ሰው፣ ለትምህርት ቤቱ አንድም ተማሪ እንደማይጨምር በኮሚቴው ፊት ያረጋግጥ። ደንቡ የጸደቀ ዕለት ትምህርት ቤት የሚመስል ኬክ ተጋግሮላታል።

ትምህርት ቤቱ ጥሩ ስለሆነ የቤት ዋጋ ሰማይ ነካ፤ ዋጋው ሰማይ ስለነካም መግዛት የቻለው ልጁን አሳድጎ የጨረሰ ሰው ብቻ ሆነ። እንዲህ ነው ብራያር ግሌን ትምህርት ቤቱን ከልጆች ያዳነው።

ከውሻው ቀን በኋላ ማርሊን የመጨረሻው ሐሳብ መጣላት። ኮለምበስ ከተማ ከባሏ ከዳን ጋር ተከራይታ የምትኖረው ጆሊን መንታ ልጆች አሏት፤ ኦጊና ፐርል፣ ሁለቱም አምስት ዓመታቸው ነው። ሁለት! ማርሊን በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የምታያቸው፣ ባየቻቸው ቁጥርም ስሟን እንደ አዲስ የሚያጠኑ ይመስላታል። ይህ ከትምህርት ቤቱ ይልቅ ያንገበግባታል፤ ለማንም ግን ተናግራው አታውቅም። ስልኩን አነሳች።

«ጆሊዬ፣ ከጋራዡ በላይ ያለውን አባትሽ ቤት ያደርግላችኋል። ለምን አትመጡም?»

«የምርሽን ነው እማዬ?» ጆሊን ጮኸች። «ሃውቶርን ሊገቡልኝ? እዚህ ያለውን ትምህርት ቤት ብታይው እኮ ታለቅሻለሽ!»

«ከእኔ ጋር ልትሆኑ ነዋ!» አለች ማርሊን እንባዋ እየመጣ። ስለ መዘጋቱ አልነገረቻትም። ሁለቱ ከመጡ መቼ ይዘጋና?

ጌለን በቧንቧ ሥራ ያረጀ ሰው ነው፤ ወሬ አይወድም። «ፈቃድ ያስፈልገዋል» አለ ብቻ።

«ፈቃድ የሚሰጡት እነማን ሆኑና? የኔዋ ሎይስ ፌርባንክስ አይደለች የኮሚቴው ሰብሳቢ?»

«እሷን አሠልጥነሽ ያስቀመጥሻት አንቺ ነሽ» አለ ጌለን። «እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።»

ጉዳዩ የተሰማ ዕለት የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ብራያር ግሌን ውስጥ ከጉባኤ ሌላ የሚሞላ ነገር የለም። ሚስተር ሳንዶቫል ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሁለተኛው ረድፍ ተቀምጧል። ማርሊን ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ ማይክራፎኑ ፊት ቆመች።

«ወይዘሮ ክራውዝ» አለች ሎይስ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ። ሠላሳ ዓመት አብራት ካርታ ስትጫወት ለኖረች ሰው «ወይዘሮ» ማለቷ ማርሊንን አሳቃት። «ይህ መኖሪያ ለትምህርት ቤቱ ተማሪ ይጨምራል?»

«እንዴታ!» አለች ማርሊን ፊቷ በርቶ። «ሁለት! መንታ ናቸው!»

ሎይስ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ማርሊን፣ ምን ነካሽ? ይጨምራል ካልሽ እኮ መፍቀድ አንችልም።»

«ትምህርት ቤቱ የሚዘጋው ልጅ አጥቶ ነው እኮ!»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሌላ ኮሚቴ ነው። እኛ የምንጠየቀው እንዳይጨናነቅ ነው።»

«ሎይስ፣ ይህን ደንብ የጻፍኩት እኔ ነኝ!»

«እናውቃለን የኔ ቆንጆ፤ የምናከብርሽም ለዚሁ አይደል? ኬኩን የጋገርኩት እኔ ነበርኩ።»

ከኋላ ሚስተር ቫን ሆርን ተነሳ። «ለማርሊን ብለን ደንቡን ከፈታነው» አለ፣ «ነገ ለሁሉም ልንፈታ ነው። ይህን ያስተማረችን ራሷ ናት።» ሰዉ አጨበጨበ። ተሳስቷል ልትል ብትፈልግም ቃሉ በሙሉ የሷ ነው፤ «ለሁሉም ልንፈታ ነው» ሲል እጁን ያወዛወዘው እንኳ እንደሷ ነው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም የሚባለው እውነት ነው፤ ግን ቁናውን ይዘው የሚሰፍሩት ወዳጆች ሲሆኑ እንዴት እንደሚያሳፍር ተረቱ አይናገርም።

«ታዲያ ደንቡ ይቀየር!» አለች።

«ይቀየራላ። ለኅዳር ጉባኤ ይያዝልሽ?» አለች ሎይስ።

ኅዳር! ሰኔ እዚህ ደርሶ።

ሎይስ ማይክራፎኗን በመዳፏ ሸፍና ወደ ፊት ጎንበስ አለች። ክፉ ሴት አይደለችም። «ስሚኝ፣ አይጨምርም በይና ልፍቀድልሽ። ጆሊን ልጆቹን ሌላ ቦታ ታስተምራለች ይባላል። ብቻ በኋላ ሃውቶርን ካስመዘገበቻቸው ፈቃዱ ይሰረዛል።»

ማርሊን ሳንዶቫልን ዞር ብላ አየችው፤ እሱ ጫማውን ነው የሚያየው። ይጨምራል ብትል ልጆቹ አይመጡም፤ እነሱ ካልመጡ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ያው መዘጋቱ ነው። አይጨምርም ብትል ቢያንስ መንቶቹ ግቢዋ ውስጥ ይሯሯጣሉ፣ ጠዋት ጠዋት ደረጃውን ሲወርዱ ትሰማቸዋለች። ይህን አስባ ስትጨርስ ሃውቶርን ከልቧ ወጣ። በዚህ ፍጥነት መውጣቱ ራሷንም ገረማት፤ አፈረችም።

«አይጨምርም» አለች።

ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። ትምህርት ቤቱ ከሁለት ልጅ ተረፈ። ሳንዶቫል ቦርሳውን ዘጋና ማንንም ሳይሰናበት ወጣ፤ ሎይስ ደግሞ እየሮጠች መጥታ ማርሊንን አቀፈቻት። «አንቺ እኮ» አለቻት፣ «ለዚህ ከተማ ስትይ የማትከፍይው የለም!»

በማግስቱ ማርሊን ጆሊን ጋ ደወለች። መጀመሪያ ፈቃዱ መገኘቱን ነገረቻት፤ ጆሊን ጮኸች፣ መንቶቹም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው ጮኹ። ከዚያ ማርሊን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የቀረውን ነገረቻት። አውቶቡሱ ቢጫና ምቹ እንደሆነ፣ የጎረቤት ከተማው ትምህርት ቤትም ያን ያህል መጥፎ እንዳልሆነ።

ጆሊን መንቶቹን ውጭ ተጫወቱ ስትል ተሰማ።

«እማዬ» አለች በኋላ፣ «እዚያ ትምህርት ቤት ከሆነማ እዚሁ ያለው ምን አለው? ዳን ሥራውን የሚለቀው፣ እኛ ጋራዥ ላይ የምንታጨቀው ለሃውቶርን ብለን እኮ ነው።»

«እኔ ደግሞ…» ብላ ጀመረች ማርሊን።

«አንቺ ጋማ» አለች ጆሊን በለሰለሰ ድምፅ፣ «ለገና እንመጣለን። እንደ ሁልጊዜው።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ማርሊን ወጥታ ወደ ጋራዡ ሄደች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ስለጣለችው ሴት ስትሰማ የኖረችው እንደ ቀልድ ነበር። ላይኛው ክፍል ውስጥ ጌለን መሰላል ላይ ወጥቶ ግድግዳውን ቢጫ እየቀባ ነው፤ በዚያ ወገቡ ከንጋት ጀምሮ ቀብቶ ሦስቱን ጨርሷል። ሁለት ትንንሽ አልጋዎችም ከየት እንዳመጣቸው እንጃ፣ መስኮቱ ሥር አቁሟቸዋል።

«ኦጊ መስኮት ይወዳል፣ አይደል?» አላት ሳይዞር።

ማርሊን እንዲተወው ልትነግረው ነበር የመጣችው። ጠጋ ብላ መሰላሉን ያዘችለት።