የኡሙልኸይር ፍሪጅ

የቆቦ ሙቀት መድኃኒት አያሳድርም። የአዲስ አበባዋ ስፔሻሊስት ብልቃጦቹን በበረዶ ሣጥን አሽጋ ለራቢዓ ስትሰጣት፣ «ከቅዝቃዜ እንዳይወጣ፤ ከሞቀ ድካማችሁ ሁሉ ከንቱ ነው» ብላታለች። ራቢዓና ባሏ ሙንተሲር ግን ፍሪጅ የላቸውም። ያለው ከመንገዱ ማዶ ለስላሳ የምትሸጠው ኡሙልኸይር ዘንድ ነው፤ ኡሙልኸይር ደግሞ ልቧ ሰፊ የሆነውን ያህል አፏም ሰፊ ነው።

«ምን ብዬ ላስቀምጠው?» ብላ ባሏን ጠየቀችው።

«የፈለግሽውን በይ። ብቻ የልጅ ነገር እንዳታነሺ። ሐኪም ዘሩን በብልቃጥ አገናኝቶ ወደ ማሕፀን ይመልሳል ቢባል ይሄ ሰው ምን እንደሚል አታውቂም? ‹የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል› ነው የሚለው። ልጁ አድጎ ከሰው ሲጣላ በዚሁ ነው የሚሰደበው። ማይልኝ።»

«ወላሂ፣ አልናገርም» አለችው።

ስለዚህ ለኡሙልኸይር፣ «ስኳር ተገኝቶብኝ ነው፤ የስኳር መርፌ ነው» አለቻት። ኡሙልኸይር ደረቷን ደቃች። «በዚህ ዕድሜሽ! አላህ ያሽርሽ» እያለች ጠርሙሶቹን ገፋ ገፋ አድርጋ ከኋላ ቦታ ሰጠቻት። ከዚያ ወዲህ ራቢዓ ማታ ማታ አንዷን ብልቃጥ ታወጣና ቤቷ ገብታ፣ በሯን ዘግታ፣ ሆዷን ትወጋለች፤ ዘሩ በብልቃጥ ከመገናኘቱ በፊት እንቁላሏን የሚያሳድግላት ነው።

በሳምንቱ ገደማ፣ ረፋዱ ላይ፣ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ አማቷን ኡሙሃኒን ከኡሙልኸይር ቤት ተቀምጠው አየቻቸው። ዱቄቱን ደጁ ላይ አውርዳ ገባች። የአማቷ ከንፈር ደርቋል፤ ውኃውን ይጠጣሉ፣ አይረኩም። እውነተኛዋ የስኳር ሕመምተኛ እሳቸው ናቸው። መድኃኒታቸው ከሚኖሩበት ከጎብዬ ቢጠፋ ቆቦ መጡ፤ የቆቦ መድኃኒት ቤቶችም «አልቋል» አሏቸው። የምራታቸውን ቤት ዝግ ቢያገኙት ጊዜ እዚህ ጥላ ሥር አረፉ።

«መጣች!» አለች ኡሙልኸይር ብልቃጥ እንደያዘች። «አላህ ሲያዝን እንዲህ ነው። እማማ የሚወጉት አጥተው አንቺ እኔ ዘንድ ሞልቶሻል። አንዱን አወጣሁላቸው።»

በሩ ሥር ለስላሳ የሚጠጡ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች ሳቁ። «ፍሪጁን ፋርማሲ አደረግሽው በይ!» አለ አንዱ።

«ፈቃድ ሳታወጣ!» አለ ሌላው።

«እሱ ለእርስዎ አይሆንም፣ እማማ» አለች ራቢዓ። «ዓይነቱ ሌላ ነው።»

«ምን ሌላ አለው? ስኳር ስኳር ነው» አለች ኡሙልኸይር። «ጎረቤታችን ሸረፈዲን ባለፈው ከሱዓድ ተበድሮ ተወግቶ የለም እንዴ?»

በዚያ ሰፈር በርበሬና መድኃኒት የጠየቀ ባዶ እጁን አይመለስም። ኡሙሃኒ ቀና ብለው ምራታቸውን አዩዋት።

«ሰሰትሽብኝ፣ ልጄ? ባትወልጅልንም እንደ ልጄ ነው የያዝሁሽ።»

ራቢዓ ሌላ ውሸት ፈለገች። ተበላሽቷል እንዳትል፣ ታዲያ አንቺ በየማታው ምን ትወጊያለሽ ትባላለች። አሮጊቷ የመርፌውን ልባስ ቀደው ብልቃጡን ለመቀበል እጃቸውን ሲዘረጉ፣ እጃቸውን ያዘች።

«የስኳር አይደለም። እኔ ስኳር የለብኝም። የልጅ መድኃኒት ነው፤ አዲስ አበባ ሐኪም ያዘዘልኝ።»

ራቢዓ ብልቃጡን ከኡሙልኸይር እጅ ተቀብላ ወደ ፍሪጁ መለሰችው፤ ሙቀቱ እንዳይነካው።

«ሙንተሲር ያውቃል?» አሉ ኡሙሃኒ።

«አብረን ነው የሄድነው።»

«ያ በብልቃጥ የሚያበቅሉት ነው?»

«ከእኔና ከእሱ ነው፣ እማማ። የማንም የለበትም።»

«እና ልጁ የእሱ ይሆናል?»

«የእሱ ነው።»

አንደኛው ሾፌር ለስላሳውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ባጃጁን አስነሣ። ራቢዓ ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቀችም፤ የትም ቢሄድ ወሬው ተሳፍሯል። እሷም አማቷን ደግፋ በሁለተኛው ባጃጅ ወደ ሆስፒታል ይዛቸው ሄደች። ገና የሆስፒታሉ በር ላይ ሳሉ ስልኳ ጮኸ። ሙንተሲር ነበር።

«ምን አፍሽን ከፈተው?» አላት፣ ሰላም እንኳ ሳይላት። «ከገበያ መሀል ነው የሰማሁት።»

«እናትህ የኔን መድኃኒት ሊወጉት ነበር።»

«ሌላ የምትይው አጥተሽ ነው?» ብሎ ዘጋባት።

ኡሙሃኒ ተወግተው ቀን ሲያዘቅዝ ዓይናቸው ጠራ። አግዳሚው ላይ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ምራታቸውን እጇን ያዙ።

«አላህ ይስጥሽ፤ አተረፍሽኝ። ሰው ከጠየቀኝ ስኳር አለባት እላለሁ። አንቺም እንደዚያው በይ።»

«ከእንግዲህ ማን ያምነናል፣ እማማ?»

«ታዲያ ልትቀጥዪበት ነው?»

«ዛሬም ማታ እወጋለሁ።»

አሮጊቷ ግራ ቀኙን አይተው ወደ ጆሮዋ ተጠጉ። «ለእኔ ብቻ ንገሪኝ። ለማንም አልናገርም። የሚወለደው የልጄ ነው?»

«የልጅዎ ነው» አለች ራቢዓ።

ኡሙሃኒ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ዓይናቸው ግን ከሆዷ ላይ አልተነሣም።