ትራቅ ተብሎ የተጸለየላት ኳስ

ሽጉጤ ስለ ልጁ ማውራት ከጀመረ የሚያቆመው የለም። ጆሃንስበርግ አጠገብ ቮስሎሩስ ካለችው ሱቁ ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሰው በዙሉ ቋንቋ "ሳውቦና ባባ" ብሎ ሰላም ካለው፣ "ዬቦ" ይልና የተጠየቀውን ትቶ ወሬውን ይቀጥላል። ልጄ ቤዛ ጎልፍ ትጫወታለች፣ ኳስ ስትመታ ወንዶቹ እንኳ አይደርሱባትም፣ እዚህ ብትመታ እዚያ ማዶ ካለው ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ ነው የምታወርደው። ደንበኛው በብረት ፍርግርጉ ቀዳዳ እጁን አስገብቶ ይጠብቃል። ምን ያድርግ፣ ዳቦው የሚመጣው ወሬው ሲያልቅ ነው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሽጉጤ ስለ ጎልፍ የሚያውቀው ርቀቱን ብቻ ነበር። ቤዛ ጀርሚስተን ስትማር ከክፍል በኋላ በነፃ የሚሰጥ ሥልጠና ጀመረች። አንድ ቀን ሊወስዳት ሲሄድ የእሷ ኳስ የሌሎቹን ልጆች ሁሉ አልፋ ሜዳው ጫፍ ላይ ስትወድቅ አየ። በቃ፣ ልቡም አብሯት ሄደ። እሱ ራሱ ከሆሳዕና ተነስቶ፣ ኬንያን ታንዛኒያን ማላዊን ሞዛምቢክን አቆራርጦ፣ ግማሹን በእግሩ ግማሹን በጭነት መኪና ከጆንያ ጋር ተጭኖ ነው ጆሃንስበርግ የገባው። ሩቅ የሄደ ነገር ያከብራል፣ ኳስም ብትሆን። ቤዛ ስለ ጉድጓዱና ስለ ሣሩ ስታስረዳው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይሰማታል፣ ስትጨርስ ግን የሚጠይቃት ያችኑ ጥያቄ ነው፤ ምን ያህል ራቀች?

በዚህ ዓመት ለክፍለ ሀገሩ የወጣት ሴቶች ቡድን አንዲት ቦታ ቀረች። ለዚያች ቦታ ደግሞ ሁለት ልጆች ቀሩ፤ ቤዛና ሌራቶ የምትባል የካትሌሆንግ ልጅ። ቅዳሜ ዕለት አንድ ሙሉ ዙር ይጫወታሉ፣ ጉድጓዶቹን ሁሉ በጥቂት ምት የጨረሰችው ትገባለች። ቡድኑ ውስጥ የገባችን ልጅ የዩኒቨርሲቲ አሠልጣኞች ያዩዋታል፣ ካስደሰተቻቸውም በነፃ ያስተምሯታል። ያልገባችውን የሚያያት የለም። ቤዛ ዩኒቨርሲቲ የምትገባበት ሌላ በር እንደሌላት አባትም ልጅም አሳምረው ያውቃሉ። ይህ ከተዘጋ የሚጠብቃት ያው የሱቁ ፍርግርግ ነው፣ ያውም ከውስጥ በኩል።

ረቡዕ የጸሎት ፕሮግራም ላይ ሽጉጤ የጸሎት ርዕስ አለኝ ብሎ ተነሳ። ቤተ ክርስቲያናቸው ጀርሚስተን ውስጥ ከመኪና ጋራዥ በላይ የተከራዩት አዳራሽ ነው፤ ጉባኤው አብዛኛው እንደሱ ባለ ሱቅ ነው። ልጄ ቅዳሜ ትልቅ ውድድር አለባት፣ ኳሷ እንድትርቅ ጸልዩልኝ አላቸው። ስለ ጎልፍ የሚያውቅ አንድም ሰው ስላልነበረ ማን ይጠይቀው? ቶኮዛ ሱቅ ያላት እህት ኤርጎጌ፣ ስትጸልይ የታችኛው ጋራዥ መካኒክ ሳይቀር ሥራ የሚያቆምላት ሴት፣ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ "ትራቅ፣ በኢየሱስ ስም ትራቅ" ማለት ጀመረች። አዳራሹ በአሜን ተናጋ። ሲጨርሱ እስከ ቅዳሜ ጾም ታወጀ።

ቤዛ ኋላ ወንበር ላይ ሆና ሁሉን ሰማች። በጸሎት መሃል ተነስቶ ተሳስታችኋል ይባላል እንዴ? መኪና ውስጥ ሲገቡ ግን፣ አባዬ፣ ከምትርቅ ቀጥ እንድትልልኝ ብትጸልዩ ይሻለኝ ነበር አለችው። ሽጉጤ ከልቡ ሳቀ። ቀጥ ማለት ምን ብርቅ ነገር ነው፣ ለእሱስ ሰው ይጾማል?

ቅዳሜ ሽጉጤ ሱቁን ዘጋ። ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ ቅዳሜን ዘግቶ አያውቅም፤ ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሞቶበት ነው ተብሎ ተወራ። ጉባኤው ኳንተም በሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ተጭኖ መጣ፣ ሴቶቹ ነጠላ፣ ወንዶቹ ሙሉ ልብስ ለብሰው። የሜዳው ዘበኛ ሠርግ መስሎት ፎቶ መነሻውን ቦታ አሳያቸው። ሽጉጤ የልጁን የዱላ ቦርሳ ተሸክሞ በፊታቸው ቆመና ሕጉን አስረዳ። ልጅ ልትመታ ስትቆም ትንፍሽ የለም፣ ኳሷ ከሄደች በኋላ እልልታውን ማቅለጥ ይቻላል። ጎበዝ ተማሪዎች ናቸው፣ አንዴ ሰምተው ያዙት።

ቤዛ ከመጀመሯ በፊት መለማመጃው ሜዳ ላይ ሰውነቷን አፍታታች። ድራይቨር የሚባለውን ትልቁን ዱላ ይዛ አከታትላ መታች። ሽጉጤ ኳሶቹ ሲርቁ ደረቱ ተነፋ፣ ወዴት እንደሄዱ ልብ አላለም። ቤዛ ግን ከንፈሯን ነከሰች፣ የእጇን አያያዝ አየች፣ ደግማ መታች፣ ደግማ ከንፈሯን ነከሰች።

ጨዋታው አማረ። ሜዳው ሰፋ ያለበት ቦታ ቤዛ ትልቁን ዱላ ታወጣለች፣ ኳሷ ትምዘገዘጋለች፣ አንዳንዴ ረጅሙ ሣር ውስጥ ብትገባም ቆፍራ ታወጣታለች፣ እልልታው ይቀልጣል። የሜዳው ሰዎች መጀመሪያ ደነገጡ፣ በኋላ ለመዱት። ቤዛ ሁለት ምት ቀደመች። ከመጨረሻው በፊት ባለው ጉድጓድ ግን ሌራቶ አንዱን መለሰችባት። ቤዛ በአንድ ምት ብቻ ቀድማ መጨረሻው ጉድጓድ መነሻ ላይ ቆመች።

ያ ቦታ የዋዛ አልነበረም። በቀኝ በኩል ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ አጥር አለ። ከአጥሩ የወጣች ኳስ ጠፋች፣ መቺዋም አንድ ምት ተጨምሮባት ከመነሻው እንደገና ትመታለች። በግራ ኩሬ አለ። የተቆረጠው ሣር ቅርቡ ላይ ሰፊ ነው፤ ሩቅ የተመታ ኳስ የሚወድቅበት ቦታ ሲደርስ ግን ይጠብና እንደ አንገት ይቀጥናል።

ያለፈውን ጉድጓድ ያሸነፈችው ሌራቶ ስለሆነች ቀድማ መታች። ትልቁን ዱላ ወሰደች፤ የምታጣው ነገር የላትም። ኳሷ በአየር ላይ ቀጥ ብላ ሄዳ ያችኑ ጠባብ ቦታ መሃሏ ላይ ወረደች። ግሩም ምት ነበር። ጉባኤውም ትንፋሹን ውጦ ጠብቆ፣ ኳሷ መሄዷን ባየ ጊዜ በተማረው ሕግ መሠረት እልልታውን ለቀቀው። መሪዋ እህት ኤርጎጌ ነበረች። የራቀች ኳስ አይደል የተጸለየላት? የማን እንደሆነች ማን ልብ ይላል። ሌራቶ ዞር ብላ በሳቅ እጅ ነሳቻቸው፣ ሽጉጤ ግን መሬት ብትውጠው በወደደ።

አሁን የቤዛ ተራ ሆነ። ሽጉጤ የትልቁን ዱላ ሽፋን አወለቀና እንደ ጋሻ ጃግሬ አቀበላት። አልተቀበለችውም። ባሕር ዛፎቹን ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ወደ ጉባኤው ዞረች። ፀሐዩ ላይ የቆሙት ሰዎች ከንፈራቸው ደርቋል፣ እህት ኤርጎጌ እጇን ለእልልታ አፏ ጋ አዘጋጅታለች። ቤዛ ወደ ቦርሳው ጎንበስ አለችና አጠር ያለውን የብረት ዱላ መዘዘች።

ሽጉጤ ላብ አጠመቀው። ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ "ቤዚ፣ ሰው ጾሟል እኮ" አላት።

"አውቃለሁ አባዬ" አለች፣ ቀና ሳትል።

መታችው። ኳሷ ትንሽ ከፍ ብላ፣ ምንም ጉራ ሳይኖራት ሄዳ፣ ሰፊው ሣር መሃል ላይ ከሌራቶ ኳስ በጣም ወደ ኋላ ቀርታ ተቀመጠች። አንድም ሰው እልል አላለም። ወንድም ማናሴ፣ የመዘምራኑ መሪ፣ ሹክ ያለ መስሎት ተሳሳተች እንዴ ብሎ ሲጠይቅ ሜዳው ሁሉ ሰማው።

ሽጉጤ ቦርሳውን ተሸክሞ አንገቱን ደፍቶ ተከተላት። ፈርታለች አለ በሆዱ። ሰው ሁሉ ባለበት አዋረደችኝ፣ ምን ብዬ ነገ አዳራሹ ውስጥ እቆማለሁ አለ። ተናዶባት ነበር፣ ውሸት ምን ያደርጋል። ከፊቱ የምትሄደውን ልጅ እያየ ሲበሳጭ ግን አንድ ነገር ታዘበ። ቤዛ አልተቻኮለችም፣ ወደ ሰዉም አልዞረችም። የራሷ ኳስ ጋ ስትደርስ ሌራቶ ገና ሩቅ ወደ ፊት እየሄደች ነበር፤ ቤዛ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። ሽጉጤ እሷን ብሆን እችል ነበር ወይ ብሎ አሰበና እንደማይችል አወቀ።

ሁለተኛዋን ምት መታች። ኳሷ ባንዲራው ያለበት ልስልስ ሣር ላይ አረፈች። ሌራቶም አሳረፈች፣ ያውም ቀረብ አድርጋ። ቤዛ ኳሷን ገፋ አድርጋ ጉድጓዱ አፍ ጋ አደረሰቻት። እኩል ለመውጣት ሌራቶ በአንድ ምት ማስገባት ነበረባት። ኳሷ ተንከባላ መጣች፣ የጉድጓዱን ከንፈር ነክታ አለፈች። ሌራቶ ዓይኗን ጨፈነች። ቤዛ የራሷን በቀስታ ከተተቻት።

ጉባኤው ምን እንደሆነ አልገባውም፣ ሁሉም ሽጉጤን ያያል። ዳኛው የቤዛን እጅ ሲጨብጥ ነው ለሽጉጤም የበራለት። "አሸነፈች" አላቸው ወደ ጉባኤው ዞሮ። ያን ጊዜ የፈነዳው እልልታ ከአጥሩ ውጪ ያሉ ታክሲዎችን አስቆመ።

ሌራቶን አቅፋ ከተሰናበተች በኋላ ቤዛ ወደ አባቷ መጣች። ሽጉጤ ፈርተሽ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። እንዳይጠይቅ ምላሱን ለመያዝ ሞክሮ ነበር።

"በትልቁ መምታት እንዴት እንዳማረኝ ብታውቅ" አለችው። "እህት ኤርጎጌን ሳያት ዱላውን ከእጅህ ልቀበልህ ነበር።"

ከዚያ ትልቁን ዱላ ከቦርሳው አውጥታ መለማመጃው ሜዳ ላይ ቆመች። ይህም ሜዳ በቀኝ በኩል ያው ባሕር ዛፍና ያው አጥር ነው ያለው። ጉባኤው ተከትሏት መጣ። ይቺ የእናንተ ናት አለቻቸው፣ ለጾማችሁ። ባላት አቅም ሁሉ ዞራ መታችው። ኳሷ ሰማይ ላይ ወጣች፣ ሽጉጤ እንደዚህ የራቀች ኳስ አይቶ አያውቅም። እህት ኤርጎጌ እጇን ዘርግታ አለቀሰች፣ ወንድም ማናሴ ኮቱን አውልቆ አወናጨፈ፣ እልልታው እንደገና ቀለጠ።

ሽጉጤ ግን በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ኳሷ የምትሄድበትን አየ። ሰማይ ላይ እንዳለች ቀስ ብላ ወደ ቀኝ ታጠፈች። ባሕር ዛፎቹን ተሻገረች። ከአጥሩ ወዲያ ጠፋች።

"ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ እየሄደችብኝ ነው" አለች ቤዛ፣ እሱ ብቻ እንዲሰማ። "መጨረሻው ጉድጓድ ላይ እንዲህ የምትታጠፍ ኳስ የምትወድቅበት ስፋት አልነበረም።"

ሽጉጤ አሁን ገባው። ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ጾሞ፣ አባቷ ዱላውን ፊቷ ደቅኖ፣ የገዛ ልቧም ምቺ እያላት፣ ይህች ልጅ ብቻዋን ቆማ እምቢ ብላለች። እህት ኤርጎጌ ከወዲያ፣ ወንድም ሽጉጤ፣ አላየሃትም እንዴ፣ ራቀች እኮ ብላ ተጣራች። አዎ ራቀች እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ አላት፤ ከዚያ በላይ አላብራራም።

ዱላውን ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ የልጁን እጅ ነካ። በዚያ ሁሉ ፀሐይ ቀዝቅዟል። ያን ሁሉ ሰዓት ረግታ የቆመች መስሎት ነበር። እጇን በሁለት እጁ ይዞ እስኪሞቅላት ቆየ፣ ከዚያ ዱላውን ሽፋኑን አለበሰና ቦርሳውን ተሸክሞ ከኋላዋ ተከተላት።