የአየሩ አንድ ሰዓት

አራት ሰዎች ቃሬዛውን ወደ ትከሻቸው ሲያነሡት የይሄይስ ስልክ ጮኸ። የደወለችው ሰርክአዲስ ናት፤ የሟቹ የአቶ አድማሴ አንድያ ልጅ።

«አሁን ባሕር ዳር ወረድሁ። ኮንትራት መኪና እየያዝሁ ነው። ሳልደርስ አፈር እንዳታለብሱት፤ አደራ ይሄይስ!»

ይሄይስ ሰዓቱን አየ፤ ልክ ስድስት። ከባሕር ዳር እነሱ እስካሉበት እንጅባራ በመኪና ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ከለቅሶው ቤት የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ነው።

ጥፋቱ የራሱ ነበር። ጠዋት የዕድሩ ዳኛ ጋሼ ምህረቴ፣ «አንተ ስልክ ጠጋኙ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ስንት ይሆናል?» ብለው ጠየቁት። ከስልኩ አንብቦ፣ «ሦስት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ፤ አንድ ሰዓት» አላቸው። እሳቸውም ወደ ለቀስተኛው ዞረው፣ «እንግዲህ አምስት ሰዓት ከተነሣች ስድስት ላይ እዚህ ናት» ሲሉ አወጁ። ይሄይስ የመኪናው ቀርቷል ሊል አፉን ከፈተ። ድንኳን ሙሉ ሰው ዞሮ ሲያየው መልሶ ዘጋው።

አሁን ሮጦ ደረሰባቸው።

«ጋሼ፣ ገና ባሕር ዳር ናት። እኔ የነገርሁዎት የአየሩን ብቻ ነው።»

«ምን? አውሮፕላኑ ደጃፉ ላይ የሚያወርዳት መስሎኝ አገር ምድሩን ጠራሁ እኮ! ያኔ ምን አፍህን ያዘው?»

«ፈርቼ ነው።»

«ሬሳውን ነው እኔን?»

«ሰዉን።»

ጋሼ ምህረቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የተነሣ አስከሬን ወደ ቤት አይመለስም። ከአዘና የመጡት ዘመዶችም መኪና ያመልጣቸዋል። እኔ አቁሙ አልልም።»

ይሄይስ ወደ ቄስ ወርቅአየሁ ሄደ። አስከሬኑ እስከ ቤተ ክርስቲያን ሰባት ቦታ እያረፈ ጸሎት ይደረስለታል፤ ሰው ሲቸኩል ግን ካህናቱ ያሳጥሩታል።

«አባ፣ ዛሬ በሰባቱም ምዕራፍ ሳያጥር ሙሉው ቢደረስለትስ? ልጁ እንድትደርስ ብዬ ነው።»

ቄሱ መጽሐፋቸውን ገለጡ። «ለአድማሴማ ይገባዋል። ግን ልጄ፣ ጸሎቱን ብናስረዝመው መንገዱም ተደምሮ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። እኛ እናነባለን፤ እርምጃው የተሸካሚው ነው።»

ይሄይስ ቀብር ሲሄድ ሁልጊዜ ከመጨረሻው ሰው ጋር ነበር የሚሄደው። አሁን ሕዝቡን ሰንጥቆ አለፈና ከፊት በቀኝ የያዘውን ሰው ትከሻ ነካ።

«አምጣ፣ ልቀበልህ።»

እንጨቱን ተሸከመ። አንድ እግሩን አንሥቶ ከሌላው ጫማ ጥቂት ብቻ ቀደም አድርጎ አሳረፈው። ሦስቱ ተሸካሚዎች ሳይወዱ በእሱ ልክ ረገጡ።

«ኧረ ፍጠን! ሙሽራ እያጀብህ ነው እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ።

ሰዉ ሁሉ ወደ ፊት አየ። ይሄይስ ጆሮው ጋለ።

«አልፈጥንም» አለ ጮክ ብሎ። «ልጁ መንገድ ላይ ናት።»

ቀጣዩን እርምጃ ከበፊቱ አሳጠረው።