የመጨረሻው ተሳፋሪ

በሰማይ፣ በምድርና በሲኦል ለምትገኙ እስትንፋስ ያላችሁ ፍጥረታት በሙሉ፦ አያቴ ስቶብዳን ዛሬም አውቶቡስ አለመሳፈራቸውን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ።

አራተኛው ሐሙስ መሆኑ ነው። ከመንደራችን ወደ ሌህ ከተማ የሚወርደው አውቶቡስ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። እዚያ የዓይን ሞራ የሚገፍፉት ሐኪሞች ደግሞ የፊታችን ቅዳሜ ዕቃቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ። የአያቴ አንድ ዓይን ጠፍቷል፤ በሌላው እኔን ከቤቱ ምሰሶ አይለዩኝም።

ጣጣው መሐላቸው ነው። በጎልማሳነታቸው የቡድሃ መነኩሴ ፊት ቆመው፣ "ፍጥረት ሁሉ ከመወለድና ከመሞት አዙሪት ሳይወጣ እኔ አልወጣም፤ መጨረሻ እሆናለሁ" ብለው ምለዋል። ሌላው ሰው ይህን መሐላ ለጸሎት ሰዓት ያስቀምጠዋል። አያቴ አውቶቡስ በር ላይ ያውሉታል። ባለፈው ሐሙስ ሁለት ወታደሮች፣ አንዲት ነፍሰ ጡርና አንድ ከረጢት ገብስ አስቀድመው ቦታ አለቀ።

"ገብስ ነፍስ አለው እንዴ?" አልኳቸው።

"ባለቤቱ አለው።"

ዛሬ ግን መንደሩ በሙሉ አጨዳ ላይ ነበር። ማቆሚያው ጭር ብሏል፤ አውቶቡሱም ባዶ ነው። በልቤ ጨፈርኩ።

"አባባ፣ የሚያስቀድሙት ሰው የለም። ይግቡ።"

"አንቺ ቅደሚ።"

ገባሁ። ዞር ስል፣ እግራቸውን ለምታሸት እከካም ውሻ ጎንበስ ብለው መንገድ ያሳያሉ።

"ስንት ጊዜ ተወልደን ሞተናል። በአንዱ እናቴ ሳትሆን አትቀርም" አሉ።

ሾፌሩ ጉርመት መሪው ላይ ተደገፈ። "አባቴ፣ ያ ከረጢትም እናትዎ ነበር?"

"እሱን እንጃ። አንተ ግን ነበርክ። ያኔም ችኩል ነበርክ።"

ውሻዋ ገብታ የፊተኛው ወንበር ላይ ተጠቀለለች።

"አሁንስ?" አልኩ፤ ጥርሴን ነክሼ።

ጆሯቸውን አቀኑ። "ዝንብ ይሰማኛል። እሷም ትሳፈር።"

ልጎትታቸው ወረድኩ። ክንዳቸውን ስይዝ ያቺን የቀረች ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ጉርመት ሰዓቱን አይቶ በሩን ዘጋ፤ ሐኪም የማያስፈልጋትን ውሻ ይዞ ወደ ሌህ ወረደ።

አቧራው ሰከነ።

"አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። መሐላው ነው ወይስ ዓይንዎ ላይ ስለት እንዳያርፍ ፈርተው ነው?"

መቁጠሪያቸው ጣታቸው ላይ ቆመ።

"ፍጥረት ሁሉ ፍርሃቱን ሳይናገር እኔ አልናገርም" አሉ።