ማሳትል ያልቀቡት ኖራ

ማሳትል ታንኳ ላይ እንኳ አርፈው መቀመጥ የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። ቀዛፊያቸው እኔ ነበርኩ። ይነሳሉ፣ ይዞራሉ፣ ታንኳዋ ትንገዳገዳለች።

«ጌታዬ፣ ኧረ ይቀመጡ! ልንገለበጥ ነው» ስላቸው፣

«አንተ ቅዘፍ፤ የመገልበጡን ነገር ለእኔ ተወው» ይሉኛል።

በሐይቁ መሀል በተሠራችው መዲናችን በቴኖችቲትላን የሦስት ነገሥታት አማካሪ ነበሩ። እሳቸው ያልመከሩበት ሹመትም ዘመቻም አልነበረም። ሦስተኛው ንጉሥ ሲሞቱ መኳንንቱ ዙፋኑን ለማሳትል ሰጡ። እሳቸው ግን እምቢ ብለው፣ በእጃቸው ያሳደጉትን የወንድማቸውን ልጅ አነገሡ።

ወጣቱ ንጉሥ ብዙም ሳይቆዩ አቶሊንኮን ለመውጋት ተነሡ። አቶሊንኮ ከሐይቁ ማዶ፣ ደንገል መሀል ያለች ከተማ ናት። የገዥዋ ጥፋት በንግሥናው በዓል ላይ አለመገኘቱ ነው። ይህ ገዥ ደግሞ የማሳትል አማች፣ የመጨረሻ ልጃቸው የሾኮ ባል ነው።

«የጦርነቱን ኖራ እርስዎ ይውሰዱ፣ አጎቴ» አሉ ንጉሡ በሸንጎ ፊት። «ለልጅዎ እንደማያዳሉ ሰው ሁሉ ይይ።»

ጦርነት ሲታወጅ መልእክተኛው ገዥውን እንደ ሬሳ ኖራ ይቀባዋል፤ ጋሻና ቀስትም ያስጨብጠዋል። ማሳትል በየከተማው ሲያደርጉት የኖሩት ሥራ ነው።

ሾኮ አቶሊንኮ ወደብ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ኖራ የያዘውን ቅል አየችው።

«ለማን ነው፣ አባዬ?»

«ለባልሽ።»

«እንግዲያው ለእኔም ይቀንሱልኝ።»

«አትቀልጂ። ታንኳው ላይ ውጪና እንሂድ።»

«ሲድሩኝ ‘ከእንግዲህ ቤትሽ ያ ነው’ አላሉኝም? ዛሬ ተረሳ?»

ባሏ መጣና ኩታውን ከደረቱ ላይ ገፈፈ። «ይቀቡኝ እንጂ፣ አባቴ። ከቆዩ ይደርቅብዎታል።»

ማሳትል እጃቸውን ኖራው ውስጥ ነከሩ። እጃቸው ግን አልተነሳም። ድንገት ዘወር ብለው ወደ ውኃው ወረዱና ታጠቡ። ከዚያ በዳርቻው ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ ዋሉ። በመጨረሻ ወደ እኔ መጡ።

«ተመለስ። ማሳትል አቶሊንኮ ነው፤ ከዘመቱ መጀመሪያ የሚገጥሙት እሱን ነው ብለህ ለንጉሡ ንገራቸው።»

«ኧረ ይገድሉኛል፣ ጌታዬ!»

«አይገድሉህም። እኔን ሲሰድቡ ሰሚ ያስፈልጋቸዋል።»

እውነትም ንጉሡ ድምፃቸው እስኪዘጋ ተሳደቡ። ከዚያ የጦር አለቆቹን ጠሩ። አለቆቹን ሁሉ ለማዕረግ ያበቁት ማሳትል ናቸው። አንዱ ጭፍሮቼ ታመዋል አለ። ሌላው በቆሎው ይሰብሰብ አለ። የቀሩት መሬት መሬት ያያሉ። እምቢ ያለ የለም፤ የተነሳም የለም።

ንጉሡ ራሳቸው በእኔ ታንኳ ተሻገሩ።

«አጎቴ፣ መሳቂያ አደረጉኝ።»

«አልታዘዝ ያለን ሁሉ አቃጥል ብዬ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ» አሉ ማሳትል።

«ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘ?»

ማሳትል ተቀመጡ፣ ተነሱ፣ እንደገና ተቀመጡ። «የሚቃጠሉት የሌላ ሰው ልጆች ሲሆኑ ‘ለምን?’ ብዬ ጠይቄ አላውቅም» አሉ።

 «ወደ ቤትዎ ይምጡ» አሉ ንጉሡ።

«አልመጣም። ከመጣሁ በማግስቱ ትዘምታለህ።»

ንጉሡ ወደ ማዶ ተመለሱ። ዘመቻው ቀረ፤ የማሳትል ወንበር ለሌላ ተሰጠ።

እሳቸው ግን አቶሊንኮ ሆነውም ዕረፍት አላገኙም። ከማዶ ከበሮ ሲሰማ ከምግብ ላይ ተነስተው ይወጣሉ። እኔ ብቅ ስል «ማን ተሾመ? ማንን ሊወጉ ነው?» ይሉኛል። ማታ ማታ አማቻቸውን ይዘው ከከተማው ጀርባ ስላለው ተራራ መንገድና ስለ ስንቅ ይመክራሉ። ሾኮ «አባዬ፣ ኧረ ትንሽ ይተኙ» ስትል እሺ ብለው መልሰው ይነሳሉ።

ዝናብ ሊገባ ሲል አረፉ። ሾኮ ራሷ አጥባ ገነዘቻቸው።

የንጉሡ ጦር በሚቀጥለው መኸር መጣ። አቶሊንኮ ሲደርስ ያገኘው ባዶ ቤትና የቀዘቀዘ ምድጃ ነው። ሕዝቡ ማሳትል ባሳዩት መንገድ ተራራውን ተሻግሮ ነበር፤ እኔም ታንኳዬን ሸጬ አብሬው ነበርኩ።