ለውሻው የተነገረ

አማቴን ኡርሱላን በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ፊቷን አይቼ፣ አንድ ቃል አናግሬያት አላውቅም ነበር። ተጣልተን አይደለም። በእኛ በላኮታዎች፣ በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘንድ አማት የምትከበረው እንዲህ ነው፤ እሷ ስትመጣ እኔ ዞር እላለሁ፣ እሷም ሻሿን ትከናነባለች። የግድ የምንባባለው ሲኖር ሚስቴ ዴልፊን መሐል ትገባለች። እሷ ከሌለች ደግሞ ጥቁሩ ውሻችን ሳፓ አለ።

የወንዙ በረዶ ሊሰበር በተቃረበበት ሰሞን፣ ዴልፊን ከተማ ወርዳ፣ እኔ ወንዙ ዳር እንጨት እፈልጥ ነበር። ሚዙሪ ወንዝ ከበረዶው ሥር ማጉረምረም ጀምሯል። የውኃው አውሬ ኡንክተሂ ሲነቃ እንዲህ ነው፤ ብርዱን ወራት ውኃው ሥር ተኝቶ ይከርምና፣ እንደ መጋዝ በሾለ ጀርባው በረዶውን እየሰነጠቀ ሽቅብ ይጓዛል። ያን ጊዜ ሰው የመባ ትንባሆውን ዳር ላይ አኑሮለት ጀርባውን ያዞራል እንጂ በረዶው ላይ አይቆምም።

አማቴ የሾርባ ማሰሮ አንጠልጥላ ቁልቁል መጣች። ማዶ ያለችው እህቷ ሮዛሊ በጠና ታማለች። ፊቴን አዞርኩና ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«ስማ ሳፓ! ዛሬ በረዶው ላይ የሚወጣ ውሻ ቢኖር አእምሮው የጎደለ ነው!»

«ሳፓ፣» አለች ከኋላዬ፣ «ለሚለፈልፈው ሰውዬ ንገርልኝ። እህቴ ደም እየተፋች ነው። ይሄን ወንዝ እሱ ሳይወለድ ጀምሬ ስሻገረው ኖሬያለሁ።»

«ኡንክተሂ ነቅቷል በላት!»

«ትንባሆውን ሰጥቼዋለሁ በለው። ደሞ አንተም፣ ውሻ ከሆንክ ውሻ ሁን፤ የሰው ነገር ውስጥ አትግባ!»

እርምጃዋ በረዶው ላይ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ግትር ሴት! ልጇንም እንዲሁ አድርጋ ነው ያሳደገችልኝ።

መጥረቢያዬን ጥዬ ሮጥኩ። ዞሬ ቀደምኳትና በረዶው ላይ ፊት ለፊቷ ቆምኩ፤ ዓይኗን አየሁት። ሌላ ሴት ብትሆን ገፍታኝ ታልፍ ነበር። አማቴ ግን ከአማቿ ፊት መቆም አይሆንላትም። ማሰሮው ከእጇ ወደቀ፤ ሻሿን ተከናንባ ወደ መጣችበት ተመለሰች። እኔም ጫማዬን እያየሁ በሩቁ ተከተልኳት። ዳገቱን ሳንጨርስ ከኋላችን ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ሁለታችንም ዞረን አላየንም።

ስላሳፈርኳት ካሳ እንዲሆን ደህናውን ፈረሴን በዴልፊን እጅ ላክሁላት። መለሰችው። በአምስተኛው ቀን ጀልባ ተሻግሮ መርዶ አመጣ፤ ሮዛሊ በሦስተኛው ቀን አርፋለች።

ከዚያ ወዲያ አማቴ በዴልፊንም በኩል ቢሆን ምንም አላለችኝም። ሳፓን እንኳ ደጇ ተኝቶ ስታገኘው ዞራ ታልፈዋለች። በሕይወት ስላለች ደስ ይለኛል፤ እህቷን ስለነጠቅኋት ደግሞ እንቅልፍ አጣለሁ። ቅጠል ሲረግፍ ሳፓ በእርጅና ሞተ። ቀበርኩትና፣ እንግዲህ መነጋገሪያችን አበቃ አልኩ።

በሳምንቱ ጠዋት ደጃፌ ላይ አንድ ቡችላ ታስሮ አገኘሁ። ከቤቱ ጀርባ የማውቀው ድምፅ መጣ።

«አንተ ቡችላ፣ ለሰውዬው ንገርልኝ። ያን ፈረስ ያምጣልኝ፤ ወንዙ በረዶ ሲጋገር ማዶ እህቴ መቃብር እሄድበታለሁ። በረዶው መጽናቱን ግን ቀድሞ እሱ ይይልኝ።»

ቡችላው ጫማዬን ያኝካል። ጎንበስ ብዬ ገመዱን እየፈታሁ «እሺ በላት» አልኩት።