የአቶ አለምነህ ጡሩምባ

ደባርቅ ውስጥ በአቶ አለምነህ የማይቀልድ ሰው ቢፈለግ ልጃቸው ሐመልማል ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን ለብቻዋ ስትሆን ትጠራጠራለች። ሰውየው ልብስ ሰፊ ናቸው። ጨዋታ ከጀመሩ ግን ወሬያቸው አንድ ነው፤ "በወጣትነቴ አዲስ አበባ፣ ባንድ ውስጥ ጡሩምባ ስነፋ ጭፈራ ቤቱ ይንቀጠቀጥ ነበር!"

"የየትኛው እድር ጡሩምባ ነው ጋሼ? ማን ሞቶ ነበር?" ይሏቸዋል። ከዚያ ሳቅ በሳቅ ነው። አቤት የሰው ምላስ!

አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው እንደተበተነ፣ እንግዳው የሚባል አስጎብኚ ወደ ሐመልማል ምግብ ቤት ገባ። ሰሜን ተራሮች ላይ ጨነቅ ድረስ የሸኘው ፈረንጅ አንድ አልበም በስልኩ ጭኖለታል፤ ከድሮ ሸክላዎች የተለቃቀመ፣ ፋንክ በሉት ሶል በሉት ጃዝ፣ ዛሬ በሻማ ቢፈለግ የማይገኝ ዘፈን ሁሉ ያለበት። አቶ አለምነህ ጥግ ይዘው ሽሯቸውን ይበላሉ።

"ጋሼ፣ የተጫዋቾቹ ስም ተጽፏል። የእርስዎ ግን የለም" አለ እንግዳው እየሳቀ።

ሐመልማል ልቧ ድንግጥ አለ። "ባትከፍተውስ?" አለችው። አባቷ ሰው ፊት ውሸታም ከሚባሉ ዘፈኑ ሳይሰማ ቢቀር ይሻላታል።

እሱ ግን ከፈተው። ቤዝ ጊታሩ ቀስ ብሎ ገባ፣ ኦርጋኑ ተከተለ። ድንገት ዘፋኙ "በለው የደባርቁ! ንፋው አለምነህ!" ብሎ ጮኸ።

ጡሩምባው ተነሳ። እንዴት ያለ ጡሩምባ! ሽለላ ነው እንዳይሉት እስክስታ ያስመታል፣ የጭፈራ ነው እንዳይሉት እንባ ያመጣል። ጠላ የጨበጠ እንደጨበጠ ቀረ። እንግዳው ብድግ ብሎ "ይቅር ይበሉኝ ጋሼ" አለ። ሐመልማል እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ "እሰይ የኔ አባት!" አለች።

አሁንማ ሊፎክሩ ነው ብሎ ቤቱ ሁሉ ጠበቀ። የስንት ዘመን ጉራ ዛሬ ካልተነዛ መቼ ሊነዛ ነው?

አቶ አለምነህ ግን እጃቸውን አነሱ። "እኔን ተዉኝና ከኋላ ድራሙን ስሙት። ደርቤ ይባላል። እሱ ባይዘኝ ኖሮ እኔ ምን ትንፋሽ ነበረኝ? ይኸ በተቀዳ በሳምንቱ ታሞ ሞተ፤ የገዛ እጁን ምት እንኳ አልሰማውም።"

እንግዳው ዝርዝሩን ደግሞ አየው። ደርቤ የሚባል የለም። አፍሮ፣ የቀረውን ስም ለአልበሙ አሳታሚዎች እንዲያደርስለት ለፈረንጁ መልእክት ሊልክ "አለምነህ" ብሎ መጻፍ ጀመረ።

"ቆይ፣ አጥፋው" አሉት አቶ አለምነህ፣ እንባቸውን በእጃቸው ጠርገው። "መጀመሪያ የደርቤን ጻፍ።"